ቁጥር ሰባት

ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሙቀቱ ሲበርድ፣
ታጣፊ ወንበሬን ተሸክሜ ቁልቁለቱን ስወርድ፣
ውሻዬ ይቀድመኛል፤
ዞር ብሎ ሲያየኝ፣ «ደግሞ ልትሞነጭር?» ያለኝ ይመስለኛል።

ስድስት ነን ተማሪ፤
ፖስታ ቤት የኖረች፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣
ሁለት መንትያ እህቶች፣ አንድ ጡሩንባ ነፊ፣
ስድስተኛው እኔ፣ ዤርቫዚዩ፣ የቡሽ ዛፍ ገፋፊ።

አስተማሪያችን ልጅ ናት፤ ኢዳሊና ትባላለች፤
ከኤቮራ በአሮጌ ሞተር እየተንደቀደቀች ትመጣለች።
ጸጉሯን በእርሳስ ወግታ፣
ወረቀት አድላ፣ ዝም አሰኝታ፣
«የምታውቁትን ዛፍ እርሱት» አለችን በመጀመሪያው ቀን፤
«የምታዩትን ብቻ ንደፉ።»

እኔን ነው? አልኩ በልቤ፤
ሃምሳ ሁለት በጋ፣ በላብ ተነክሬ፣ በጉንዳን ተከብቤ፣
መጥረቢያዬ ሲያርፍ ድምፁን አዳምጬ፣
ቅርፊቱ የት እንደሚለቅ በጆሮዬ መርጬ፣
ስንጥር ሳላስቀር እንደ ሸሚዝ አውልቄ፣
ከሚስቴ ጀርባ ይልቅ የሱን ጀርባ አውቄ፣
ዛፍ ልርሳ? እኔ?

እርሳስ ግን ሌላ ነው።
መጥረቢያ ክብደት አለው፤ ራሱ ይወድቃል፤
እርሳስ ካልገፉት የት መሄድ ያውቃል?
የመጀመሪያው ዛፌ ጃንጥላ ሆነብኝ፤
ሁለተኛው አበባ ጎመን፤
ሦስተኛውን መንትዮቹ አይተው «ዶሮ ነው?» አሉኝ፤
ደጋግሜ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ዶሮ መሰለኝ።

ኢዳሊና ከኋላዬ ቆማ፣
ኮቴዋ ሳይሰማ፣
«ቅርንጫፉን ተወው» አለች፤ «በቅርንጫፍና በቅርንጫፍ መሃል
ያለውን ሰማይ ንደፈው፤ እሱም ቅርጽ ይኖረዋል።»
አንጋጠጥኩ።
እውነትም፣ ከቀኝ በኩል ሰማዩ ዓሣ ሠርቷል፤
ከግራ፣ የሽመላው ጎጆ ካለበት፣ እንደ አሮጌ ካልሲ ተቀዷል።
ይህን ሁሉ ዘመን ከሥሩ ስመላለስ
ወደ ላይ አላየሁ፤ ሒሳቡ በግንድ ነው፣ እጅ እስከሚደርስ።
ዓሣውን ነደፍኩት። ዛፉ በዙሪያው ራሱ በቀለ።

ግንዱ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ሰባት አለ፤
የሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ጅራት፤ የቀባሁት እኔ ነኝ።
የመጨረሻ በጋዬ ነበር፣ ጉልበቴ ሊከዳኝ።
ከሰባቷ በታች፣ በስተግራ፣ ጠባሳ አለ።
እጄ ነው።
አንዲት ምት አዳልጣ ጠልቃ ገባች፤
ከቅርፊቱ ሥር ያለውን፣ እኛ «እናት» የምንለውን፣ ነካች።
እናት ከተነካች እዚያ ቦታ ቡሽ የለም፤
ጠርዙ ያብጣል እንጂ መልሶ አይገጥምም።
አለቃው አላየም። ባልንጀራዬ ቲቡርሲዩ አይቶ
ዝም አለ፤ ውሃውን ጠጥቶ።
አሁን እሱም የለም።

ሦስት ሐሙስ ግንዱን ነደፍኩ፤
ሦስቴም ጠባሳውን ዘለልኩ።
በአራተኛው ኢዳሊና ወረቀቴን አየች፤
ግንዱን አየች፤
«እዚህ ጋ ያለው ምንድነው?» አለች።
«ጭቃ ነው» አልኳት።
ወደ መንትዮቹ ሄደች።

ውሻዬ ሥሩ ላይ ተኝቶ ጆሮውን አረገበ።
ፀሐይ ወደ ጎን ስትዞር ጠባሳው ጥላ ሰበሰበ፤
ከዛፉ ሁሉ የጠቆረው እሱ ሆነ።
እርሳሴን ቀረጽኩ በቢላዬ፤
ጀመርኩት፣ ቀስ ብዬ፣
ካበጠው ጠርዝ፣ ከንፈር ከሚመስለው።
ተጫንኩት መሰለኝ፣ ሾሉ ተሰበረ፤ ደግሜ ቀረጽኩት።
አምስት ጣት አይሞላም፤ እጄን ዘርግቼ በእርሳሱ ለካሁት፤
እኔ ሌሊት ሌሊት ክንድ አሳክዬ ነበር የያዝኩት።

ሥዕሉ መጥፎ ነው። ሰባቷ ዶማ መስላለች።
ዓሣው ግን ደህና ነው፤ ኢዳሊናም «ዓሣው!» ብላለች።
ስለ ሌላው አላነሳችም።

ከሁለት በጋ በኋላ ልጆቹ መጥረቢያ ይዘው ይመጣሉ፤
ግንዱን አራቁተው አዲስ ቁጥር ይጽፋሉ።
ወንበሬን ይዤ እዚህ እቀመጣለሁ፤
«በግራ በኩል ቀስ!» እላለሁ።
ለምን ቢሉኝ፣ እንጃ።
ያን ጊዜ ግን ጭቃ ነው አልልም።