የወተት ጥርስ

ነሐሴ፣ ሻርጃ፣ ሮላ፤ አስፋልቱ ይቀልጣል፤
ስልኬ ጠራ፤ «ነይ» ተባልኩ፣ «አንድ ልጅ ተይዟል፤
እናቱ መጥታለች፣
ዓረብኛ አታጣም፤ የክሱን ግን አጣች።»

ዘምዘም አስር ዓመት የሰው ቤት ስትሠራ
የወጥ ቤቱን ቋንቋ ከሽንኩርት፣ ከጨው ጋራ
ለቅማዋለች፤
ይኸኛው የወረቀት ነው፣ ድስት ውስጥ አልገባ አለ።
መጋረጃ ስትተኩስ ነበር ፖሊስ የደወለው፤
ካውያ የፈጀው ጣቷን በሻሿ ጠቅልላው፣
ወንበሩ ጫፍ ላይ ናት፣ ግማሹን ለሌላ ሰው
እንደምትተውለት።

አንዋር አጠገቧ ነው። አስራ ሁለት ዓመት
ከሁለት ወር። «ሁለቷን ወር» አለኝ ጸሐፊው፣ «እንዳትረሺያት፤
ያለ እሷ ልጅ ነው።»
እግሩ ወለል አይነካም፤ ካልሲው ላይ የተጻፈው
የክለብ ስም ተልጦ፣ ግማሹ ነው የሚነበበው።

ነገሩ የተነሣው መኪና ማቆሚያው ላይ፤
ጎሉ ሁለት ጫማ፣ አግዳሚው ሰማይ፤
«ገብቷል!» «አልገባም!» — ሰማይን ማን ይለካዋል?
ጣሪቅ አንዲት ቃል ወረወረ፤
አንዋር ቡጢ መለሰ፤ ሸሚዝ ተተረተረ፤
ጥርስ ወደቀች፣
ኳሷ ከነጭ ፒካፕ ሥር ተንከባልላ ቀረች።

ቃሏ «የገረድ ልጅ» ነበረች።
ልተረጉማት ስል ምላሴ ከበደኝ፤
ዘምዘም ቀደመችኝ፦
«ተያት፣ እህቴ። እዚህ ስመጣ መጀመሪያ የተማርኳት እሷ ናት።»

ወረቀቱን አነበብኩላት፦
«ሆን ብሎ… ዘላቂ ጉዳት…»
«ዘላቂ ማለት?»
«የማይመለስ» አልኳት።

አንዋር ፈርቶ፣ በዓረብኛ ማሰብ አቅቶት፣
በእናቱ አፍ «ተደባደብን» አለ። ብቻ።
በእኛ ቋንቋ አንዲት «ተ» አለች፣
ሁለት ልጅ በአንድ ግስ አቅፋ የምታታግል፣
ማን ጀመረው ሳትል።
ቅጹ ግን ሁለት ሳጥን ነው፤ መቺ፣ ተመቺ፤
«ልጁን ከአንዱ ክተቺ።»

መርማሪው ማስረጃ አወጣ፤ ቁጥር የተለጠፈባት
ላስቲክ፣ በውስጧም ክራንቻ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ።
ኡሙ ጣሪቅ አየቻት። ዘምዘም አየቻት።
እናት ጥርስ ታውቃለች።
ሥር የላትም።
«ሁለት ሳምንት» አለች ኡሙ ጣሪቅ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«በምላሱ ሲነቀንቃት ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።»
«በእኛ» አለች፣ «ወደ ፀሐይ ነው የምትወረወር።»
ዘምዘምም ገባትና «በእኛ ወደ ጣሪያ» አለች።
ይህቺን ጣሪያም ፀሐይም አላገኛት፤
ከፋይል ጋር ቀዝቃዛ መሳቢያ ገባች።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ፍርድ አልተጠየቅሁም።
ብጠየቅ፣ አይቀጣ አልልም።
አንዋር ይቀጣ፤ ደም አይቶ ያልቆመ እጅ ነው።
ጣሪቅም ለቃሉ፤ ቃሉን ከየት እንደሰማው
ግን አባቱ ይጠየቅ።
ሃያ ሁለት ፎቅ፣ ሁለት መቶ በር፤
«ተዉ፣ እናንተ!» ብሎ አንድ ሰው አልወጣም፤
በመስኮት በስልክ ቀረጹ፤ ከቀረጹትም አንዱ
ለፖሊስ ላከ። ድሮ ጎረቤት ጆሮ ቆንጥጦ
የሚጨርሰውን ነገር
አሁን ጠበቃ ያዘው፣ ማህተም ያዘው፤
የአንድ ልጅ ስም መዝገብ ላይ ሲያድር
እንደ ጥርስ አይደለም፣ ተነቅሎ አይተካም።

እናቶቹ ታረቁ። ቅጹ ግን ለዕርቅ ሳጥን አልነበረውም፤
ቀጠሮው ለጥቅምት ሆነ።
ከኮሪደሩ ወንበር ልጆቹን ባንድ አስቀምጠዋቸዋል፤
ጣሪቅ አፉን ከፈተ፤ ከድዱ ላይ
አዲስ ነጭ ጫፍ ብቅ ብላለች።
በክፍተቱ እያፏጨ፣ «ኳሷስ?» አለ።
አንዋር ካልሲውን እያየ ቆየና፣
«ፒካፑ ሄዶ ከሆነስ?» አለ።
በዓረብኛ ነበር።
ማንም እንድተረጉም አልጠየቀኝም።