አለ፣ የለም

ጠባሴን ተሻግሮ፣ በሬሳ ዳር ወርዶ፣
ያገሩ ጥራጊ ይራገፋል ማልዶ።
ሃይላንዱ በኪሎ፣ ካርቶኑ በእስር፣
የፋብሪካ ብጣሽ ከነክሩ በቁጥር፤
እኔ ነኝ መዛኟ፤ ብዕሬ በጆሮዬ፣
እጄ በብርድ ደንዝዞ፣ ደብተሬ በጉያዬ።
ነጩን ከሰማያዊው፣ ንጹሑን ካደፈው፣
ለይቼ እጽፋለሁ ምንም ሳልዘነጋው።

ማክሰኞ ደብዳቤ ከገዢያችን መጣ፣
ባለ አራት ገጽ ቅጽ ከፖስታው ወጣ፦
«ከእናንተም ዘንድ ይሁን ከሚያቀብላችሁ፣
ተገዶ የሚሠራ ሰው አለ ወይ ቤታችሁ?
አለ። የለም። ባንዱ ምልክት አድርጉበት።»
ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ ሻዩን ጨለጠበት።
«የለም በይው በቃ! ባርነት በዚህ ዘመን?
ፈርመሽ ላኪላቸው፤ ገዢ እንዳያመልጠን።
ሰንሰለት አላየሽ፤ በሩ ቀን ክፍት ነው፤
ያልተስማማው ይሂድ፣ ማን እጁን ያዘው?»

ብዕሬን አነሳሁ፤ «የለም» ላይ ጫን አልሁት፤
የደብረ ብርሃን ብርድ ቀለሙን ይዞበት
እምቢ አለ። ላሙቀው፣ በትንፋሼ ላግዘው
ስል ነው ትዝ ያለኝ መሳቢያው ውስጥ ያለው።

አሥራ አንድ መታወቂያ፣ በላስቲክ ታስሮ፣
ደላላው ጌታሁን ካመጣቸው ጀምሮ።
«እንዳይጠፋባቸው» ብሎ ነው የሰጠኝ፤
እኔም ቁልፍ አዞርሁ፤ ማን ምን ብሎ ጠየቀኝ!
ክፍት በር ምን ሊረባ? ኬላው ላይ ሲደርሱ
«ወረቀት» ሲባሉ ወዴት ሊመለሱ?

ከግሼ፣ ከመራቤቴ፣ ከጃማ ወንዝ ማዶ፣
ከገብስ ጋር ተጭኖ ካይሱዙ ላይ ወርዶ፣
የመሳፈሪያው ሁለት ሺህ፣ የጓንቱ መቶ ሃያ፣
የቦቲው፣ የፍራሹ፣ የመጋዘን ማደሪያ፣
ይኼ ይኼ ተደምሮ፣ ደመወዙ ተቀንሶ፣
ዕዳው ወልዶ ያድራል፤ ለቃሚው ያድራል አንሶ።

ደማሪዋ እኔ።
አንድ ሳንቲም ሳልስት፣ በውብ እጅ ጽሕፈቴ፣
«የታመነች» እያለ አለቃዬ ከፊቴ።

ሲመሽ መጋዘኑን ከፍቼ ገባሁ።
ማንያዘዋል ነቅቷል። «ዕዳህ ስንት ነው?» አልሁ።
«አንቺ አይደለሽም ወይ የምታውቂው?» አለኝ።
«ይልቅ አንድ ነገር፤ ስሜን አንብቢልኝ።»
ገለጥሁ ደብተሩን። የለም። ደግሜ ገለጥሁ።
«የጌታሁን፣ ሰባት» የሚል ብቻ አገኘሁ።
የጠርሙስ ክዳን እንኳ ቀለሙ ሲጻፍ፣
ልጁ በሰው ስም ሥር ቁጥር ሆኖ ሲያልፍ።

ማንያዘዋል አለች ስታወጣ እናቱ፤
ማን ያዘዋል ብላ፣ ተማምና በጉልበቱ።
ይኸው ያዘው ላስቲክ፣ ይኸው ያዘው ደብተር፣
ይኸው ያዘው ጣቴ፣ ስትደምር፣ ስትደምር።

ጎህ ሳይቀድ የሚዛኑን ሸራ ገለጥሁት፤
አሥራ አንዱን መታወቂያ አንድ ላይ ጫንሁት።
መርፌው አልተነቃነቀም።
አሥራ አንድ ሰው፣ ከነፎቶው፣ ከነአባቱ ስም፣
ያንድ ባዶ ጠርሙስ ያህል አልመዘነም።

ቅጹን ዘረጋሁት፤ ቀለሙ ሞቋል አሁን፤
«አለ» ላይ አሰመርሁ። ጻፍሁ ስማቸውን፣
አንድ በአንድ፣ ከነአገራቸው፣ ሳልዘል።
በአሥራ ሁለተኛው መስመር፣ «መዝጋቢ» በሚል፣
ተናኜ ይመኑ።
የራሴን።

ገዢው ምን እንዳለ፣ አለቃዬ ምን እንደሆነ፣
ሌላ ወሬ ነው፤ አንዳንዱ ገና አልተወሰነ።
ጓንት በነጻ ሆኗል፤ ደመወዝ በእጅ ይሰጣል፤
የለቀመ ሁሉ በገዛ ስሙ ይመዘናል።
ሁለቱ ግን ሳይመጡ መታወቂያቸው ቀርቷል፤
የጌታሁን ሞተር ሌላ በር ላይ ቆሟል።

አዲስ ልጅ ሲመጣ፣ ሚዛን ከመንካቱ፣
«ማን አመጣህ? ዕዳህስ? የት ነው ወረቀቱ?»
እላለሁ። ጠዋት ጠዋት ስም እጠራለሁ።
ማንያዘዋል፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ጓንቱን እየሳበ፦
«አለሁ።»