ሐረጎን ስወርድ

ሃያ ሁለት ዓመት ሐረጎን ወርጃለሁ፣
ፍሬኔን ሳልነካ መቼ ተነስቻለሁ?
ደሴ መናኸሪያ፣ ጉሙ ከጦሳ ላይ ገና ሳይገፈፍ፣
ጎማ በእግሬ መትቼ፣ ዘይት በጣቴ ለክቼ፣ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ሳሳርፍ፣
ረዳቴ ይስቃል፦ «ሙሄ እኮ መኪናውን አገባው!»
ይሳቅ። ገደሉን የማያውቅ ነው ፍሬን የሚዘነጋው።

የራሴን ግን...
«ስኳር አለብህ» ካሉኝ ዘንድሮ ሰባት ዓመት ሞላኝ፣
ኪኒኑን አንድ ቀን ስውጠው ሁለት ቀን ይረሳኝ፣
ግፊት? «እሱ የሽማግሌ ነው» እያልኩ፣
በየፌርማታው ሻይ፣ በየሻዩ አራት ማንኪያ፣ ከሻዩ በኋላ ሲጋራ እየለኮስኩ።

ከዚያ ይማም።

ይማም የኮምቦልቻው፣ የጨርቃ ጨርቁ ሰርቪስ ሾፌር፣
ስኳራችን እኩያ፣ የተነገረን ባንድ ቀን፣ ባንድ የክሊኒክ ወንበር።
ሐሙስ ጠዋት፣ ቦርከና ድልድይ ዳር፣ ብርጭቆ እንደያዘ፣
ቀኝ እጁ ሻዩን ረሳው፤ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ፤ ጣቱ ደነዘዘ።
ሊስቅብን ሲሞክር የከንፈሩ ግማሽ ብቻ ሳቀ፣
«ምንም አልሆንኩም» ሊል ፈልጎ ቃሉ ምላሱ ላይ ወደቀ።
«ምች ነው፣ ዳማከሴ!» አለ አንዱ። «ትንሽ ይተኛ» አለ ሌላው።
ሰዓቱ ሄደ።
መኪና ከበን ቆመን፣ እኛ ሾፌሮቹ፣ ሆስፒታል ያደረስነው ከቀትር በኋላ ነው።

ሲስተር ዘምዘም ክንዴን ጠቅልላ ነፋችው፣ እንደ ጎማ፣
መርፌው ሲንቀጠቀጥ ጆሮዬ የገዛ ደሜን ሰማ።
«ከላይ መቶ ሰባ» አለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ፣
«መኪናህ እንዲህ ቢሆን ሐረጎን ትወርዳለህ?» ብላ ጠየቀችኝ።
ምን እላለሁ?
ቱቦ እኮ አውቃለሁ፣
ከውጭ የሚያብረቀርቅ፣ ከውስጥ የዛገ፣ ስንቱን ፈትቻለሁ።
ስኳሩ ግድግዳውን ሲልሰው፣ ግፊቱ ሲገፋው፣ ጭሱ ሲያጠብበው፣
የሚፈነዳበት ወይ የሚደፈንበት ቀን ጥሩምባ አይነፋም ለሰው።

አሁን ኪኒኔ ከሊብሬው ጋር ነው፣ ሳላየው አልነሳም፣
ሻዬ ያለ ስኳር ነው፤ መራራ ነው፤ አልዋሽም።
ሲጋራውን ሦስቴ ትቼዋለሁ፤ አራተኛው ገና አልጸናም።
ከቧንቧ ውሃ እስከ መናኸሪያ በእግሬ ነኝ፤
«ሾፌር በእግሩ!» ይላል ረዳቴ። ይበለኝ።

በየወሩ ለቀጠሮ ይማምን ወደ ደሴ አወጣዋለሁ፣
ስመልሰው ጋቢና አስቀምጠዋለሁ።
አይናገርም። መንገዱን ግን ከኔ በፊት ያያል፣
ትልቁ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ግራ እግሩ ወለሉን ይረግጣል።
እዚያ ፍሬን የለም።
እኔ በሱ ፋንታ እረግጣለሁ፣
ቀስ እያልን እንዞራለን፤ ሲተነፍስ እሰማለሁ።