ከሮቶው ጀርባ

በወንድሜ ግቢ፣ ሳቢያን፣ ከኒሙ ሥር፣
ሰባት ዶሮ ይውላል አፈሩን ሲጭር፤
አውራው ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ገብስማው፣
ጥላና ጥሬውን ብቻውን የያዘው፤
ሌላው ቀይ ወሰራ።
«ቄብ ናት» ብለን ነበር፣ ስሙን ብለን «ሎሚ»፤
አንድ ንጋት ጮኸና ሳቀ መንደር ሰሚ።

ገብስማው አልታገሠም፤ በእግሩ እሾህ ወጋው፣
አንገቱን ነጨና ከሴቶቹ አስወጣው።
አሁን ከሮቶው ጀርባ፣ ቧንቧው የሚያፈስበት፣
ሲጮህ እንኳ ግማሽ፣ ሰው እንደተኛበት ቤት።

እኔ ይህን አጯጯህ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤
ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ሰርቪስ ክፍል እኖራለሁ፤
ማታ ሳል ሲመጣብኝ በፎጣ አፌን እይዛለሁ፤
ምሳም እሱ ሳይቆርስ፣ ዝም ብዬ አያለሁ።

ንጋቱ ነው ስሙ። ንጋቱም የሱ ነው።
ለበዓል ቢላውን ሞርዶ ሲጨርሰው፣
«ለአንድ ግቢ አንድ አውራ፤ ትርፉ ለድስት ነው» አለ።
ክፋት የለበትም። ስለ ዶሮ ነው ያለ።

ቅዳሜ በቀትር፣ ሰፈሩ ተኝቶ፣
በነስሮ ባጃጅ ላይ፣ እግሩ በሲባጎ፣
ጉልበቴ ላይ ሆኖ ልቡ ይመታል፤
ደቻቱን ተሻገርን፣ አሸዋው ይፋጃል።

ገንደ ቆሬ፣ አንዲት ክፍል።
«ይጮኻል?» አለች አከራይዋ ሃሊሞ።
«እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነው።
ፈታሁት። ተንገዳገደ። ክንፉን አራገፈ።
ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤ ሮቶ የለ፣ ገብስማ የለ፣
ባዶ ግቢ ሙሉ ፀሐይ።
በዚያ ጠራራ፣ ሰዓቱም ሳይሆን፣
አንገቱን እስከ ጥግ ስቦ
ነጋ ብሎ ጮኸ።

አፌን ሳልይዝ ሳልኩ።