ሁለት ሰሃን

የካቲት ነው በኩዎፒዮ፤ ሐይቁ ደንድኖ፣
መኪና ይሄድበታል እንደ አስፋልት ሆኖ።
እኛ ዘጠኝ ሰዎች፣ በጠረጴዛው ዙሪያ፣
ልናጸድቅ መጣን የአገር ምግብ መመሪያ።
እኔ ኢርሜሊ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ፤
የተባለን ጻፊ እንጂ፣ ያልሆንኩ የቃል ገዥ።

ረቂቁ የመጣው ከደቡብ ባሕር ማዶ፤
ወይራው ከነዘይቱ በወረቀት ነጉዶ፣
ቲማቲም፣ ባቄላ፣ የምስር ሾርባ አስከትሎ፣
እዚህ በረዶ ላይ ቁጭ አለ "ብሉኝ" ብሎ።

ዶክተር ሲርካ ተነሣች፣ እርሳሷን ነቅንቃ፤
"ወይራ በሌለበት ጎመንዘር ይብቃ፤
ወይኑን ይተካልን የጫካው ቀይ እንጆሪ፣
ሰርዲኑን ሙይኩ፣ የሐይቃችን ኗሪ።"
ሁሉም እጁን አወጣ። ቅቤ ላይ ስንደርስ ግን፣
ዓይን ሁሉ ዞረ ወደ ታይስቶ ወገን።

የወተት ገበሬ ነው፣ መዳፉ እንደ አካፋ፤
አባቱ በሃምሳ ዓመቱ፣ ጋጣ ውስጥ፣ ከነባልዲው ተደፋ።
"ልቡ ነው" ተባለ ያኔ። ቅቤው ነው ያለ የለም።
ታይስቶ ግን ያውቃል፤ ስለ ቅቤ አልተሟገተም።
"ይቀነስ" አለ፣ "ቀንሱት። የእኔ ጥያቄ ሌላ፤
የነዚያ የደቡብ ሰዎች ያ ሁሉ ዘይትና ባቄላ፣
ከማን ጋር ነው የሚበላ?"

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየ።
"ከአጀንዳ ውጭ ነው" አለ።
ታይስቶ እርሳስ አንሥቶ፣ ገጽ አሥራ አራት ጠርዝ ላይ፣
ዓሣ ከሚለው ጎን ጻፈ፣ ከእኔ በቀር ሰው ሳያይ፤
"ሁለት ሰሃን።"

ሚስቱ አይላ ከሞተች ሦስት ክረምት አልፏታል።
ግቢዬ ከግቢው ይዋሰናል፤ ማታ መስኮቱ ይታየኛል፤
አንድ መብራት። ድንቹን ከነድስቱ፣ ቆሞ ይበላል።

በመስከረም፣ ማተሚያ ቤቱ አሳምሮ አወጣው፤
"ዓሣ፤ በሳምንት ሁለት ሰሃን"፣ ላገሩ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ሰው።
ስህተት ነው አላልኩም። ምን ብዬ?
ቅዳሜ አጥሩን ዞርኩ፣ ሙይኩ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣
መመሪያውን በብብቴ ይዤ።

"ተሳስተው ነው ያተሙት" አለ፣ ገጹን አይቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ።
"የመንግሥት ቃል ነው" አልኩት።
ሁለተኛውን ሰሃን ፈለገ፤ ከቁምሳጥኑ ጥግ አገኘው፣
አቧራ ለብሶ፣ ከርሞ።

ዓሣውን በቅቤ ጠበሰው።
ያንን አልጻፍኩትም።