የኦቲሊያ መስኮት

እኛ ዘንድ፣ በፖላንድ ደቡብ፣ መጀመሪያ ጡሩንባው ዝም አለ፤
ከዚያ የከሰሉ ጕድጓድ ታሸገ፤ ሰፈሩም ተከተለ።
ያ መቶ ዓመት ሙሉ ጥቀርሻ የጠጣ
ቀይ የጡብ ሰፈር፣ በሦስት ሳምንት ታጣ።

ጊንተር ግን አልተኛም።
ሠላሳ ዓመት ከምድር በታች የጎበጠ፣
ጡረታ ወጥቶ እንኳ ከቁፋሮ ያላመለጠ፣
ጋሪውን እየገፋ ከፍርስራሹ ዘንድ
ሲጭን አየሁት፣ አንድ ባንድ፣ አንድ ባንድ፦
መሐሉ በእርምጃ የሳሳ የደረጃ ጣውላ፣
ጠርዙ የተሸረፈ የጣሪያ ሸክላ፣
አንድ እግሩ የጠፋ መታጠቢያ ገንዳ፣
«አሥራ አራት» የሚል በር፣ ለየትኛው እንግዳ?

የኔ መሬት ከእሱ አጥር ማዶ ነውና
ሳቅሁበት፤ አልዋሽም።
«ከተማ ልትተክል ነው ወይ፣ በጎመን ጎዳና?»
እሱም ጡብ እየፋቀ፣ ቀና ሳይል ካቀረቀረበት፣
«ጡብ ምን አጠፋ?» አለኝ። «የፈረሰው ቤት።»

ሲሚንቶውን በመዶሻ ጀርባ እያራገፈ፣
ጥቀርሻ የበላውን ፊት ወደ ላይ አሰለፈ፤
መንገድ ሆነ። ዝናብ ሲመታው፣ ዛሬም
ምድጃ ምድጃ ይሸታል፤ እሳት ግን የለም።
ስንት የከሰል ጀርባ የታጠበበት ገንዳ
አሁን ካሮት ይወፍርበታል፣ ጭቃውን ለብሶ፣ ሳይታጠብ።

ከሁሉም ግን መስኮቶቹ።
አሥራ አንድ መስኮት፣ ክፈፋቸው ቀይ ቀለም፣
አንዱ ካንዱ ጋር በቁመት የማይገጥም፣
ጎን ለጎን አቁሞ፣ ክፍተቱን በጨርቅ ወትፎ፣
የመስታወት ቤት ሠራ፣ እንደ ሰካራም አጥሬን ተደግፎ።
ፎቅና ምድር ቤት ተኳርፈው የኖሩ፣
መስኮቶቻቸው ታርቀው አብረው አደሩ።

ሐምሌ ላይ ኦቲሊያ መጣች፣ ሽንኩርት ልትገዛ፣
በከረጢቷ ሁለት ዳቦ ይዛ።
ከስድስተኛው መስኮት ፊት ቀጥ አለች፤
መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።
ከታች በስተቀኝ፣ በሙጫ የተያዘ ስንጥቅ፤
የልጇ ኳስ ነው። እሷ ብቻ ናት የምታውቅ።

ምንም አልተናገረች።
በአሥራ አራቱ በር ጎንበስ ብላ ገብታ፣
መዝጊያውን ወደ ላይ አንሥታ፣
በክርኗ አንዴ ገፋችው፤ ያ እምቢተኛ፣ ለጊንተር እንኳ ያልተረታ፣
ተከፈተላት።
ክርኗን ደፉ ላይ አሳርፋ፣
እንደ ዱሮዋ አገጯን በመዳፏ ደግፋ
ወደ ውጭ አየች።
መንገድ የለም፣ ትራም የለም፣ ከፈረቃ የሚመለስ ባል የለም፤
ባሮ ሽንኩርት ብቻ፣ እና እኔ ከነኮፍያዬ ቆሜ፣ ዝም።

ጊንተር ውሃ ማጠጫውን እንደያዘ ቀረ።
እኔም ቀልድ ፈለግሁ፤ ከአፌ ላይ ተሰወረ።
በመጨረሻ እሷው፣ እንደ መቆጣት፦ «መጋረጃው የታለ?»
«ለቲማቲም? ተይ እንጂ!» አለ።

በነጋታው ይዛ መጣች፣ ዳንቴል፣ በስታርች የደረቀ፤
በራሷ ሚስማር ሰቀለችው፤ ቲማቲሙ ተደበቀ።
«ፀሐይ ይከለክላል» ብሎ አጉረመረመ።
አላወረደውም።

ይኸው መስከረም ገባ፤ ሌላው ሁሉ ቀልቷል።
ከዳንቴሉ ጀርባ ያሉት ሦስቱ እግር ገና ጥሬ ናቸው፤
አንድ ቀን አልሰማሁም፣ ጊንተር ሲቸኩልባቸው።