ጫማ ያዥዋ

«ስንት ልጅ ነው?» አለች ትኬት ሻጯ ልጅ፣
ከጠባቧ መስኮት ብቅ ብሎ አንድ እጅ።
«አንድ» አልኳት።
«ዕድሜው?»
«አርባ አንድ ይሞላል፣ ግንቦት ሲጋመስ።»
ዓይኗ ከጀርባዬ አለ መለስ ቀለስ፣
ከቀሚሴ ዘርፍ ሥር ልጅ የሸሸግኩ መስሏት፤
ኋላ ሲገባት ግን ሳቁ ትን አላት።
«አቦ ይመችሽ!» ብላ ቆረጠችልኝ፣
መልሱን በብር ፈንታ ማስቲካ ሰጠችኝ።

ይህን በር አውቀዋለሁ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየበዓሉ ማግሥት፣
የእህት የወንድሜን ልጆች ስጎትትበት።
እነሱ ከላይ ሲሽከረከሩ፣ እኔ ከሥር፣
ያለ ደሞዝ ንብረት ክፍል፣ ያለ ወንበር፤
ሰባት ጥንድ ጫማ፣ አንድ የተሰነጠቀ መነጽር፣
የቀለጠ አይስክሬም በክንዴ ሲንቆረቆር፣
ያን ዕለት የወለቀ የናኦል የወተት ጥርስ፣ በሶፍት ተጠቅልሎ፤
«አክስቴ ያዢልኝ!» «አክስቴ እዪኝማ!» ይላል ሁሉም ተንጠልጥሎ።
ያዝኩ። አየሁ። ቆጠርኩ።
አንዲት ካልሲ እንኳ ሳትጎድል መለስኩ።

ዛሬ ግን ማክሰኞ ነው፤ በዓልም የለ፣ ልጅም የለ።
ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ የቀፊራ ሙቀት ቆርቆሮ ሲያንጣጣ፣
ሱቄን ከረቸምኩና ቀስ ብዬ ስወጣ፣
ጎረቤቴ ኢድሪስ፣ ትራሱን ደልድሎ ቅጠሉን ሲበጥስ፣
«ወዴት ነው?» አለኝ። «ልነቀል ነው፣ ጥርስ።»
ምን ልበለው ታዲያ?
«ልሽከረከር» ብለው፣ «ነካ አደረጋት» ሊል ነው ገበያ።

ግቢው ባዶ ነበር።
የፕላስቲኩ ፈረስ ኮርቻው እንደ እሳት፣
አንድ ጆሮ የሌለው ዝሆን፣ ጥላው ሥር ድመት፣
ትንሿ ባቡርም አንዲት ዛፍ ዞራ እዚያው እየመጣች፣
«ጅቡቲ! ጅቡቲ!» ትላለች።
ቁመት መለኪያው ላይ የተሳለ ቀጭኔ፤
ጆሮው ድረስ ሆንኩ። ፈተናውን አለፍኩ፣ ይኸው ዛሬ፣ እኔ።

ሽክርክሪቱን የሚያንቀሳቅሰው ሮብሌ፣ ሽርጡን አጥብቆ፣
«ቦርሳሽን ማን ይያዝ?» አለኝ ተጨንቆ።
«ማንም» ብዬው ወጣሁ።
ከፍ፣
ከፍ፣
የከዚራን ዛፎች አናታቸውን አየሁ፣
የለገሃሬን ዝገት፣ ያልተነሱ ፉርጎዎች፣
ሚናራውን፣ ጉልላቱን፣ በመሃል የተሰጡ አንሶላዎች፣
ደቻቱን፣ ውሃውን እንደ ዕዳ ረስቶ በነጭ አሸዋ እንደተኛ፤
የሱቄንም ጣሪያ፣ አሮጌ ጎማ የተጫነበት፣
ስንት ዓመት ቀጥ ብዬ የቆምኩበት፣
ከዚህ ሲያዩት የክብሪት ሳጥን።

ከዚያ ቀጭ።
መብራት ሄደ።
ሙዚቃው እንደ ተበጠሰ ክር ወደቀ፤
ሰማይ ላይ ቀረሁ።
መጀመሪያ ብረቱን ጨበጥኩ፣ ማርያምን ጠራሁ፤
ቀጥሎ አሰብኩ፦ ኢድሪስ አሁን ከፍራሹ ቀና ቢል?
ጥርሷን ልትነቀል የሄደች ሴት፣ ደመና ላይ ስትንጠለጠል!
ሳቁ ከሆዴ መጣ፤ ወንበሩም አብሮኝ ተንቀጠቀጠ፤
እግሬን ሳወዛውዝ አንዱ ሰንደል አመለጠ፣
ሲገለባበጥ፣ ሲገለባበጥ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ፣
አቧራ አስነስቶ ተቀመጠ መሬት ወርዶ።

ሮብሌ ሄዶ አነሳው። በሽርጡ ጫፍ ጠረገው።
እንደ አደራ ዕቃ፣ በሁለት እጁ፣ ደረቱ ላይ አስጠጋው።
ቀና ብሎም ጮኸ፦
«አይዞሽ! ይዤልሻለሁ!»

ምንም አልመለስኩለት።
ነፋሱ ባዶ እግሬን ሲዳስሰው፣
ጣቶቼን አንድ ባንድ ከፈትኩለት።
መብራቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም፤
እኔም አልጠየቅኩም።

አመሻሽ ላይ ኢድሪስ፣ «እህስ፣ ነቀሉልሽ?» አለኝ።
ማስቲካውን ጉንጬ ውስጥ ወትፌ፣ ጉንጬን በመዳፌ ደግፌ፣
«አይ» አልኩት፣ «መብራት ጠፋበት ሐኪሙ፤
ለፊታችን ማክሰኞ ቀጠረኝ።»